ያላገባ የምትለው ሳጥን

ሥራ የጀመርኩት በፌብሩዋሪ ወር አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ቢሮው ቶሮንቶ ውስጥ፣ ዳንፎርዝ በሚባለው መንገድ ላይ፣ በርበሬና ሽሮ ከሚሸጥ ሱቅ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ነበር። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ አንዱ ሲወርድ ሌላው ታች ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ በፊት ስምንት ዓመት ፋርማሲ ውስጥ ካሸር ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ የታክስ ኮርስ ወስጄ ፈተናውን አልፌያለሁ፤ የእውነተኛ ሰው ፎርም ግን ነክቼ አላውቅም።

የቢሮው ባለቤት አቶ ዘሪሁን ይባላሉ። በጋም ክረምትም ኮታቸውን የማያወልቁ፣ ሻይ ሲጠጡ እንኳ ካልኩሌተራቸውን በሌላው እጃቸው የሚይዙ ሰው ነበሩ። ኮምፒዩተሩን ከመክፈቴ በፊት የፎርሙን የመጀመሪያ ገጽ ባዶውን አትመው ፊቴ አስቀመጡ።

“ሁሉም ሰው ገንዘቡ ወዳለበት ገጽ ይሮጣል፤” አሉኝ። “አንቺ እዚህ ላይ ቆዪ። ስም፣ አድራሻ፣ የትውልድ ቀን፣ የጋብቻ ሁኔታ። እዚህ ላይ የተሳሳተ ከታች ያለውን ሁሉ ያበላሻል።”

የጋብቻ ሁኔታ በሚለው መስመር ሥር ስድስት ትናንሽ ሳጥኖች አሉ። ያገባ፣ ሳይጋባ አብሮ የሚኖር፣ የትዳር ጓደኛው የሞተበት፣ የተፋታ፣ ተለያይቶ የሚኖር፣ ያላገባ። ከስድስቱ አንዷን ብቻ ነው መምረጥ።

እዚህ አገር ባልና ሚስት በአንድ ፎርም አይሞሉም። እያንዳንዱ የራሱን ይሞላል፤ ግን በራሱ ፎርም ላይ የትዳር ጓደኛውን ስምና ገቢ ይጽፋል። ከሁለቱ አንዱ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ የሚሠራው ሌላውን ስለሚደግፍ ታክሱ ይቀንስለታል። ሳጥኗን ለመምረጥ የትኛዋ ትጠቅመኛለች ብሎ ማሰብ አያስፈልግም። ዓመቱ ባለቀበት ቀን፣ ዲሴምበር ሠላሳ አንድ፣ ሰውየው ምን ነበር? መልሱ እሱ ነው። ሚስቱ ውቅያኖስ ማዶ ብትሆንም ያገባ ያው ያገባ ነው።

በዚያው በመጀመሪያው ዓመቴ ከስካርቦሮ አንድ ባልና ሚስት መጡ። እሱ አውቶቡስ ይነዳል፤ እሷ ሦስት ልጆች ታሳድጋለች። የሚስትየው ገቢ ከሚጻፍበት ቦታ ስደርስ ድምፄን አውጥቼ “ዜሮ” አልኩና ጻፍኩ። ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝ።

“እኔን ነው ዜሮ ያልሽኝ?”

ባልየው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ያንን ቁጥር ጮክ ብዬ ጠርቼ አላውቅም።

ደግሞ በየዓመቱ “ተለያይተናል ብለሽ ሙዪልን” የሚል ሰው አይጠፋም ነበር። ጓደኛው እንዲህ አድርጎ የልጆቹ ድጎማ ጨምሮለታል፤ እሱ የማያደርግበት ምክንያት ምንድን ነው? እኔ መጠየቅ እጀምራለሁ።

“የት ነው የምትኖረው?”

“ቤቴ።”

“ባለቤትህስ?”

“ቤቷ።”

“ቤቷ የት ነው?”

እዚህ ላይ ወደ በሩ ማየት ይጀምራል። እኔም ፎርሙን አጥፌ እመልስለታለሁ። አንዳንዱ ተሳድቦ ይሄዳል፤ አንዳንዱ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። በአሥራ ሁለተኛው ዓመቴ አቶ ዘሪሁን የሌሎቹን ሥራ የምመለከት ተቆጣጣሪ አደረጉኝ። ሦስት ሠራተኞች የሞሉትን ፎርም እኔ ሳላየው አይላክም ነበር። በዚያች ሳጥን ላይ ማንም አያታልለኝም የሚል ኩራት ነበረኝ። ማንም አላታለለኝም። የተሳሳተው የራሴ ጣት ነው።

ታምራት ኢቶቢኮ ውስጥ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ መጋዘን የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ፎርክሊፍት፣ ይነዳል። የዚያን ጊዜ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ደንበኛችን ነበር። ከአሠሪው የሚሰጠውን የዓመት ደመወዝ ወረቀት፣ ቲ-ፎር የምንለውን፣ በላስቲክ ከረጢት ጠቅልሎ ይዞ ይመጣል። ብዙ አያወራም። ተሞልቶ ሲያልቅ ይፈርማል፣ ያመሰግናል፣ ይሄዳል።

በጁን መጀመሪያ፣ የታክስ ወቅት አልፎ ቢሮው ጸጥ ባለበት ሳምንት፣ ቀጠሮ ሳይዝ መጣ። የሥራ ጫማውን እንዳደረገ ነው። አንድ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋ።

“እትዬ ጽጌ፣ እስኪ ይህን ያንብቡልኝ። ተሳስቼ አንብቤው ከሆነ ይንገሩኝ።”

ደብዳቤው ከኢሚግሬሽን ነው። ታምራት አዲስ አበባ ያለችውን ሚስቱን ሰላማዊትን ወደዚህ ለማምጣት ስፖንሰር ሆኖ አመልክቷል። በማመልከቻው ላይ ከሁለት ዓመት በፊት በጃንዋሪ እንዳገባ ጽፏል። አብሮ ያስገባው የሁለት ዓመት የታክስ ማረጋገጫ ግን ያላገባ ይላል። ይህ ጋብቻ እውነተኛ መሆኑን እንጠራጠራለን፤ በሠላሳ ቀን ውስጥ ካላስረዱ በእጃችን ባለው ማስረጃ እንወስናለን ይላል።

ቀኑን ቆጠርኩ። አሥራ ዘጠኙ አልፏል።

“አሥራ ዘጠኝ ቀን የት ነበርክ?”

“አፍሬ ነው። ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ።” ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። “ደብዳቤው ለእሷም ደርሷታል። አባቷ አንብበውታል። ካናዳ ያላገባሁ ብለህ የምትኖረው ሌላ ሴት ስላለችህ ነው አሉኝ። በየቀኑ ኮል አደርጋለሁ፤ አታነሳም።”

“ታዲያ ማግባትህን ለምን አልነገርከኝም?”

“ነግሬዎታለሁ።”

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ከፍ ቢያደርግ ይሻለኝ ነበር።

“ብትነግረኝ ኖሮ እጽፈው ነበር፤” አልኩት።

“እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነግሬዎታለሁ፤” አለና ተነስቶ ደረጃው አጠገብ ወደሚጠብቁበት ወንበር ሄደ።

የደንበኞች ፋይል የሚቀመጠው በጓዳ በኩል ባለችው ጠባብ ክፍል ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አቃፊ አለው፤ በአቃፊው ውስጥ በየዓመቱ ሲመጣ የምንሞላው የመቀበያ ወረቀት ይገባል። የታምራትን አቃፊ ያወጣሁት እሱ መሳሳቱን ላሳየው ብዬ ነው። እውነቱ ይኸው ነው።

የዚያው ዓመት ወረቀት ላይ “የተለወጠ ነገር አለ?” የሚል ጥያቄ አለ፤ ከጎኑ “የለም” ተብሎ በእኔ ጽሑፍ ተጽፏል። ልቤ ረጋ አለ። ከዚያ ከእሱ በፊት ያለውን አወጣሁ።

በወረቀቱ ዳር፣ በጠባቧ ባዶ ቦታ፣ በእርሳስ እንዲህ ይላል፦ “ጃንዋሪ፣ 5 ሳምንት ሥራ የለም። አዲስ አበባ። ሰርግ።”

የእኔ እጅ ነው። “ሰ”ዬ ሁልጊዜ እግሯ ይረዝማል። ያን ጊዜ ደመወዙ ከቀደመው ዓመት ስላነሰ ለምን እንደሆነ ጠይቄዋለሁ፤ እሱ መልሶልኛል፤ እኔም ጽፌያለሁ። የጠየቅኩት ስለ ደመወዙ ስለነበረ የሰማሁትም ስለ ደመወዙ ብቻ ነው። ሶፍትዌሩ ደግሞ ባለፈው ዓመት የተመረጠችውን ሳጥን ይዞ ይመጣል። የኤፕሪል ቅዳሜ ነበር፤ ሰው እስከ ደረጃው ታች ተሰልፏል። ሳጥኗን ሳላያት ኢንተር ተጫንኩ። በሚቀጥለው ዓመት የተለወጠ ነገር አለ ወይ ስለው፣ ከነገረኝ ወዲህ የተለወጠ ነገር ስለሌለ የለም አለኝ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ አቶ ዘሪሁን ክፍል ገባሁና በሩን ዘጋሁ። አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አነበቡት።

“ሰውየው ፈርሟል?” አሉ።

“ሁለቱንም ዓመት።”

“ሕጉ የሚጠይቀው የፈረመውን ነው። ፎርሙ የእሱ ነው፤ እኛ ሞላንለት እንጂ።”

“እንግሊዝኛውን አምኖን ነው የፈረመው።”

“ይህችን ወረቀት ካንቺ ሌላ ማን አያት?”

“እርስዎ።”

ቁረጪያት አላሉኝም። ግን ዓይናቸው በሩ አጠገብ ወዳለው ወረቀት መቁረጫ ሄደ፤ የእኔም ተከትሎት ሄደ።

“ጽጌ፣” አሉኝ ቀስ ብለው፣ “ይህ ነገር በጽሑፍ ከወጣ፣ በኢንተርኔት የመላክ ፈቃዳችንን ቢያጣሩብን ከእኔ ጋር የሚዘጋው የአራት ሰው ቤት ነው። ያንቺም ጭምር። አስቢበት።”

ከክፍላቸው ወጥቼ መቁረጫው አጠገብ ቆምኩ። ኃምሳ ሦስት ዓመቴ ነበር። የቤቴ ዕዳ፣ ሞርጌጁ፣ ዘጠኝ ዓመት ይቀረዋል። በዚያ ዕድሜ ወደ ፋርማሲ ካሸርነት መመለስ ምን እንደሚመስል በዓይኔ መጣ። ከበሩ ማዶ የታምራት ጫማ ወለሉን ሲነካ ይሰማኛል። ተቀምጦ እግሩን ያነቃንቃል። ሁለት ደቂቃ ያህል ቆሜያለሁ። ከስህተቱ ይልቅ እነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ዛሬም ያሳፍሩኛል።

ከዚያ ወጣሁና ወረቀቱን ሰጠሁት።

“ነግረኸኛል። ይኸው፣ በእጄ ጽፌዋለሁ። ሳጥኗን ግን አልቀየርኳትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።”

ይቆጣኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ ረጅም ጊዜ አየው። “እኔ እኮ፣” አለ፣ “ሳልነግራቸው ቀርቼ ይሆን እንዴ ማለት ጀምሬ ነበር። ራሴን መጠርጠር ጀምሬ ነበር።” ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳው። ለሰላማዊት ሊልክላት ነው። ላከው። ጠበቅን። አልከፈተችውም።

“የአባቷ ቁጥር አለህ?” አልኩት።

“የእኔን አያነሱም።”

“የእኔን አያውቁትም።”

በማግስቱ ጠዋት በሁለት ሰዓት ቢሮ ገባሁና ለሰላማዊት አባት ደወልኩ። አዲስ አበባ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ታምራት ሥራ ላይ ነበር፤ እንዳይኖር የፈለግሁትም እኔ ነኝ።

“ማን ልበል?” አሉ አንድ ጠና ያለ ድምፅ።

“ጽጌ እባላለሁ። ከቶሮንቶ ነው። አቶ ደምሴ እርስዎ ነዎት? የታምራትን የታክስ ፎርም የሞላሁት እኔ ነኝ።”

“ጠበቃው ነሽ?”

“አይደለሁም። ያላገባ ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። እሱ ማግባቱን ነግሮኝ ነበር።”

የመኪና ጥሩምባ ይሰማል፤ ደጅ ሳይሆኑ አልቀሩም። ከዚያ በር ተዘጋና ጸጥ አለ።

“እኔ ሠላሳ ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ፤” አሉ። “ሰው የሚለውና ወረቀት የሚለው ሲጋጩ እኔ የማምነው ወረቀቱን ነው። ያንቺ ወረቀት ደግሞ ያላገባ ይላል።”

“ሌላም ወረቀት አለ። ላንብብልዎ።”

በወረቀቱ ዳር ያለውን አነበብኩላቸው። ቀኑንም ነገርኳቸው።

“እንዴት ነው ሰው ሰርግ ብሎ ጽፎ ያላገባ ብሎ የሚልከው?”

ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት መልስ ነበረኝ። ስለ ሶፍትዌሩ፣ ስለ ሰልፉ። አንዱም አልወጣ አለኝ።

“ቸኩዬ ነው፤” አልኳቸው።

“ቸኩለሽ።” ደገሙት። “በእኛ ጊዜ የቸኮለ ጸሐፊ ደመወዙ ይቆረጥ ነበር።”

“ይገባኝ ነበር።”

“ልጄ ሦስተኛ ሳምንቷ ነው ከክፍሏ አልወጣ ካለች። የሰርጓን ፎቶ ከግድግዳ አውርዳዋለች። እናቷ ታማለች፤ እሷን ማስታመሙን እንኳ ትታለች። እሺ፤ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጁ እዚያ ብቻውን ነው የሚኖረው?”

አፌ ላይ አዎ የሚለው ደርሶ ነበር። አዎ ብል ነገሩ ያልቃል። ታምራት ደግ ሰው እንደሆነ እገምታለሁ። ግን ቤቱን አይቼው አላውቅም።

“አድራሻውን አውቃለሁ፤” አልኳቸው። “ከማን ጋር እንደሚኖር አላውቅም። የማውቀውን ብቻ ነው የምነግርዎ።”

ወንበር ስበው ሲቀመጡ ይሰማል።

“አዎ ብትዪኝ ስልኩን እዘጋው ነበር፤” አሉ። “ወረቀቱን ላኪልኝ። ማኅተም አድርጊበት።”

“አቶ ደምሴ፣ እኛ ቢሮ ማኅተም የለም።”

“ያለ ማኅተም ነው አገሩ የሚተዳደር?” አሉና ዘጉት።

ከሠላሳው ቀን ዐሥር ቀን ቀርቶናል። የሁለቱን ዓመት ፎርም ከፍቼ ሳጥኗን ያገባ ወደሚለው ቀየርኩ። የጋብቻውን ቀን አስገባሁ። የሰላማዊትን ስም ጻፍኩ። እሷ እናቷን ስለምታስታምም ሥራ የላትም፤ ገቢዋ ባዶ ነው። ታምራት በየወሩ የላከላትን የሚያሳዩ ደረሰኞች በዚያው በላስቲክ ከረጢቱ ሰብስቦ አመጣልኝ፤ አንዱም አልጠፋበትም።

ቁጥሮቹን አስገብቼ ሳሰላ ታክሱ ቀነሰ። ሁለቱንም ዓመት። ያላገባ ብዬ በመላኬ ታምራት ሊከፍል ከሚገባው በላይ ሲከፍል ነው የኖረው። በወንበሬ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። የኢሚግሬሽኑ ሰው ይህ ሰውዬ ዋሽቷል እያለ ነው፤ ግን ለራሱ ጉዳት የሚዋሽ ማን አለ? ለማታለል ቢያስብ ኖሮ ያገባ ቢል ነበር የሚጠቅመው። ደብዳቤውን በዚህ ሐሳብ ዙሪያ ጻፍኩት። አንድ ገጽ ነው። ደንበኛው እንደነገረኝ፣ እኔ እንደጻፍኩት፣ ከጻፍኩት በኋላ ግን ሳጥኗን እንዳልቀየርኩ፣ በዚህም የተጎዳው እሱ እንደሆነ። ከሥሩ ስሜንና የሥራ ድርሻዬን አሰፈርኩ።

ረቂቁን አቶ ዘሪሁን ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት።

“የቢሮው ስም ከላይ መኖሩ ግድ ነው?” አሉኝ።

“የላከው ቢሮው ነው።”

“ባሰናብትሽስ?”

“በራሴ ስም እጽፈዋለሁ። የመቀበያውን ወረቀት ፎቶ ደግሞ ታምራት ይዞታል።”

አቶ ዘሪሁን ካልኩሌተራቸውን ወደ ጎን ገፉት። “በቢሮው ወረቀት አትሚው፤” አሉ በመጨረሻ። “እኔ ግን አልፈርምም።”

የተስተካከለውን ፎርም በዚያው ቀን በኢንተርኔት ላክሁ። መቀበሉን የሚያሳይ ቁጥር መጣ፤ አዲሱ ማረጋገጫ ግን መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። በሳምንት ሊሆን ይችላል፤ በሁለት ወርም። ታምራት በየቀኑ ከሥራ ሺፍቱ በኋላ ይደውላል። “መጣ?” ይላል። “አልመጣም።” “እሺ።” ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አንነጋገርም ነበር። በሃያ ስምንተኛው ቀን ምንም አልነበረም። በሃያ ዘጠነኛው ያለንን ሁሉ አንድ ላይ ስካን አድርገን ላክን። ደብዳቤዬን፣ የመቀበያ ወረቀቱን ከነእርሳስ ጽሑፉ፣ የተላከበትን ቁጥር፣ ደረሰኞቹን፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን። ታምራት ላክ የሚለውን ራሴ ካልተጫንኩ አለ። ጣቱ ማውሱ ላይ ሆኖ “ቢከለክሉኝስ?” አለኝ። ከዚያ ተጫነው።

የአንዱ ዓመት ማረጋገጫ ቀነ ገደቡ ካለፈ በአራተኛው ቀን መጣ። ያገባ ይላል። የሌላውን ዓመት የታክስ መሥሪያ ቤቱ ለምርመራ ያዘው፤ ሚስቱን መደገፉን አስረዱ አሉን። እንደገና ደረሰኝ ላክን። እሱም ከሁለት ወር በኋላ ተቃና። ሁለቱን ማረጋገጫ ለኢሚግሬሽን ጨመርንላቸው። ከኢሚግሬሽን ግን ጁላይ፣ ኦገስት፣ ሴፕቴምበር ምንም ቃል የለም።

ሰላማዊት ስልክ ማንሳት የጀመረችው በጁላይ አጋማሽ ነው። አባቷ የላክሁላቸውን ወረቀት አትመው፣ ከጋብቻ ምስክር ወረቀቷ ጋር አያይዘው፣ ያለ አንድ ቃል አልጋዋ ላይ እንዳስቀመጡላት ታምራት ነገረኝ። መጀመሪያ ሰሞን ታነሳለች እንጂ አታወራም ነበር አለኝ። እሱ ስለ ሥራው ያወራል፤ እሷ ታዳምጣለች።

በኦክቶበር ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። የተባባሉትን ከራሷ አፍ ነው የሰማሁት። ጠያቂው ፋይሉን ገልጦ “ባልሽ ሁለት ዓመት ሙሉ ያላገባሁ ያለው ለምንድን ነው?” አላት።

“ቶሮንቶ ያለች አንዲት ሴት ቸኩላ ነው፤” አለችው።

ደብዳቤዬን አንብቦ፣ የእርሳሱን ጽሑፍ አስተርጉሞ፣ ስለዚያ ሌላ ጥያቄ አልጠየቃትም። ስለ ሰርጉ፣ ስለ ሚዜዎቹ፣ ታምራት የት እንደሚሠራ አንድ ሰዓት ያህል ጠየቃት። ቪዛው የመጣው በጃንዋሪ ነው።

እኔ ከሥራ አልተባረርኩም። በሚቀጥለው የታክስ ወቅት ግን አቶ ዘሪሁን የተቆጣጣሪነቱን ቦታ ከእኔ ወስደው ከእኔ ስድስት ዓመት ዘግይታ ለተቀጠረች ልጅ ሰጧት። የፊተኛው ጠረጴዛ ላይ ተመለስኩ፤ የእኔንም ፎርም እሷ ሳታየው አይላክም ነበር። አልተከራከርኩም። የመላክ ፈቃዱን ማንም አላጣራብንም፤ ሊያጣሩ ግን ይችሉ ነበር። እሳቸው የፈሩት ያልነበረ ነገር አይደለም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በዚያው ጠረጴዛ ሠራሁ፤ ስለ ደብዳቤው ሁለተኛ አንስተነው አናውቅም።

ሰላማዊት በመጣች በሁለተኛው ወር፣ በማርች፣ ታምራት ይዟት ወደ ቢሮ መጣ። ረጅም ናት፤ ጃኬቱን ገና አልለመደችውም፤ እስከ አገጯ ዚፑን ዘግታዋለች። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳት። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

“አባቴ ሰላም በያት ብሎኛል፤” አለች። “ደብዳቤውን አንብቤዋለሁ፤ አመሰግናለሁ። ግን እውነቱን ልንገርዎት። እኔ ባሌን ስምንት ሳምንት ሙሉ ከሃዲ አድርጌ አስበው ነበር። እሱ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ቀን ችግሩን ደብቆ ያዘው። አሁን ጥሩ ነን። ግን አንዳንዴ ስልኩ ሲጮህ አየዋለሁ፤ እሱም እንደማየው ያውቃል። ይሄ ያልፋል ይሉኛል።”

ታምራት ወለሉን ያይ ነበር። እሷ እጇን ዘርግታ ክንዱ ላይ አደረገች፤ እዚያው ተወችው።

“ያልፋል” ማለት ፈለግሁ፤ የማላውቀውን አልናገርም ብዬ ተውኩት። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። እሺ አለችኝ። ከዚያ አዲስ የመቀበያ ወረቀት አወጣሁና ሁለቱንም በየተራ ጠየቅኋቸው።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው አጭር ነው። ሶፍትዌሩ ከአምና ይዞት የመጣውን ሳጥን አትመኑት። “የተለወጠ ነገር አለ?” ብላችሁም አትጠይቁ፤ ሰው ሁሉ የለም ይላል። “ዲሴምበር ሠላሳ አንድ ቀን ባለትዳር ነበርክ ወይ?” ብላችሁ ጠይቁ፤ ሚስቱ የት እንዳለች፣ ትሠራ እንደሆነ፣ ማን እንደሚረዳት ጠይቁ። መልሱን ጻፉት። ከመላካችሁ በፊት ደግሞ የጻፋችሁትን አንብቡት። መጻፍ ብቻውን አይበቃም፤ እኔ ጽፌው ነበር።